ደብረ ማርቆስ በርገር ቤት ልቀጠር ነው፤ ሥራው በእውነት ምን ይመስላል?

የዳሞት ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እየተመዘገብሁ፣ አንዳንዴ ለፈተና እየተጠራሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳልጠራ እየቀረሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ የምትኖረው አክስቴ ደውላ፣ በከተማው በቅርብ ከተከፈቱት የበርገርና የፒዛ ቤቶች በአንዱ ሠራተኛ እንደሚፈለግ ነገረችኝና ሄጄ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርሁት።

ሰውየው በጥሩ ፊት ነው የተቀበለኝ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በማድቤትም፣ በመስተንግዶም፣ በሒሳብ መቀበያውም እያዘዋወረ እንደሚያሠራኝ፣ ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ «ደንበኛ እስኪያልቅ» እንደሆነ፣ ተያዥም ማምጣት እንዳለብኝ ነገረኝ። ደመወዙን ከጠራልኝ በኋላ «ከጉርሻው ጋር ሲደመር ጥሩ ነው» ብሎ አለፈው እንጂ ስለ ጽሑፍ ውል ምንም አላነሣም፤ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁትም።

ቤት ስመለስ አባቴ ከከብቶቹ ገብቶ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆየና «አስተምረን አስተምረን የሰው ሳህን ልታነሺ?» አለኝ። እናቴ ደግሞ ሥራ ሥራ ነው፣ ከመቀመጥ ይሻላል ባይ ናት። እኔ ሥራውን አልናቅሁትም፤ የምፈራው የማላውቀው ነገር ውስጥ መግባቴን ነው። እስከ ዛሬ በእንዲህ ያለ ቤት የበላሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጓደኛ ሲጋብዘኝ።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች በግልጽ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ። ቀኑ እንዴት ይውላል? ሰውነትን ምን ያህል ይጎዳል? ሒሳብ ላይ ብቀመጥና ገንዘብ ቢጎድል ማን ይከፍላል? ሀገራችን ጾመኛ እንደ መሆኗ፣ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የሚሸጥ ቤት ሠራተኛውን ምን ያደርገዋል? እስከ ሰኞ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል።


አብሳዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ በሚገኝ በርገር ቤት ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ፤ የገባሁት ድንች ላጭ ሆኜ ነው፣ የወጣሁት ደግሞ የማድቤቱ ኃላፊ ሆኜ። የምነግርሽም ከማድቤቱ በኩል ያለውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ እግርሽ አስቢ። ቀኑን ሙሉ ቁመሽ ስለምትውዪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተረከዝሽን፣ ቀጥሎም ወገብሽን ያምሽና ማታ አልጋ ላይ ስትጋደሚ እግርሽ ለብቻው የሚነዝር ይመስልሻል። እኔን ወደ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ተወኝ። ይህን ከሚያቀሉልሽ ነገሮች ዋናው ጫማ ነው፤ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ጣትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ ከመጀመሪያው ደመወዝሽ በፊት ተበድረሽም ቢሆን ግዢ። የማድቤት ወለል ምንም ያህል ቢወለወል የዘይት ላቦት አያጣውም። አብራን ትሠራ የነበረች ልጅ ነጠላ ጫማ አድርጋ ሳለ ከመጥበሻው የተንጠባጠበ ዘይት እግሯ ላይ አርፎ ለሁለት ሳምንት ሥራ ፈታለች።

ጠዋት የሚሠራው ሥራ ጸጥ ያለ ነው። ድንች ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይቆረጣል፣ ሥጋው ተፈጭቶ በሚዛን እየተለካ ይጠፈጠፋል፣ ሶሱ ይዘጋጃል፣ ዳቦው ተቆጥሮ ይገባል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ተማሪው ከክፍል ይወጣል። ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ሰው በስም የማይጠራራበት ጊዜ ነው፤ የሚሰማው «ሁለት ስፔሻል፣ አንዱ ያለ ሽንኩርት! አንድ የጾም! ሦስት ችፕስ የሚወሰድ!» የሚል ጩኸት ብቻ ነው። በዚያን ሰዓት የሚነገርሽን ክፉ ቃል ወደ ልብሽ አታስገቢው፤ ግፊያው ሲያልፍ የጮኸብሽ ሰው ራሱ ሻይ ቀድቶ ይሰጥሻል።

ስለ ጾም ለጠየቅሽው፣ ከሽያጩ በፊት ስለ ማድቤቱ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም አዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾም ደግሞ ለ55 ቀናት፣ ከሚገባው ደንበኛ አብዛኛው ጾመኛ ነው፤ ድንች የሚጠበስበት ዘይት ደግሞ ዶሮ የተጠበሰበት ከሆነ ያ ድንች የጾም ምግብ መሆኑ ቀረ። እኛ ዘንድ ሁለት መጥበሻዎች ነበሩ። ከጾሙ መጥበሻ እጀታ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አስረን ነበር። አንድ ዓርብ ቀን አዲስ የገባ ልጅ በግፊያው መካከል ቸኩሎ የዶሮ ቁራጭ እዚያ ውስጥ ጨመረ። ማንም ደንበኛ አላየም። የማድቤታችን ኃላፊ የነበረችው ሴት ግን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስደፍታ፣ መጥበሻውን አሳጥባ፣ ደጅ ለሚጠብቁት ሰዎች ራሷ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች። ዘይት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ይህን ሙያ የወደድሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ድንች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጎጃም የድንች ሀገር ናት፤ ከአዴት፣ ከሰከላ፣ ከእንጅባራ በኩል በኩንታል ይመጣልሻል። ገበሬው በለጠ፣ ጉደኔ እያለ በዝርያ ስም ይጠራዋል፤ አንቺም እያደር በልጣጩና በቆረጣው መለየት ትጀምሪያለሽ። በገባሁ በመጀመሪያው ወር ድንቹ እንዳይበላሽ ብዬ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርሁና በሦስተኛው ቀን ስንጠብሰው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ድንች በብርድ ሲቆይ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩ ደግሞ በጋለ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ይህን ያወቅሁት አንድ ማዳበሪያ ድንች ካበላሸሁ በኋላ ነው። ከተከተፈ በኋላ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ርጥብ ድንች የጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ሊገነፍል ይችላል። ከዚያ በ150 ዲግሪ ግድም ነጭ እንደሆነ ለጥቂት ደቂቃ ይበስልና ይወጣል፤ ደንበኛ ሲያዝ በ180 ዲግሪ ግድም ለሁለተኛ ጊዜ ገብቶ ወርቃማ ይሆናል። ፈጣን ምግብ ፈጣን የሚሆነው ጠዋት በዝግታ የተሠራ ሥራ ስላለ ነው።

ስለ ሥጋው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኛ ጥሬ ሥጋ የለመድን ሰዎች ስለሆንን አንዳንድ ደንበኛ «ብዙ አታብስይው» ይልሻል። ቁርጥ ሌላ ነው፣ የተፈጨ ሥጋ ሌላ ነው። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ መካከሉ ቀይነቱ እስኪጠፋና ሙቀቱ 71 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ቆርጠሽ እዪው። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ፤ በዚህ ላይ አትደራደሪ።

መቃጠል አይቀርም፤ ከባድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግን ይቻላል። ትኩስ ዘይት ከነካሽ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዢው። ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አትቀቢው፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል። ቆዳው በሰፊው ከተገሸለጠ ወይም ፊትና እጅ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ዘይት እሳት ከያዘ ደግሞ ውኃ የሚባል ነገር አታስጠጊ፤ ጋዙን ዝጊና በክዳን አፍኚው። የመጀመሪያ ቀን ስትገቢ የሲሊንደሩ መዝጊያና የመጥበሻው ክዳን የት እንዳሉ ጠይቂ። እኔ የነበርሁበት ቤት ይህን ማንም ሳይነግረኝ አምስት ወር አሠርቶኛል፤ አሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል።


ቆጣሪዋ

አብሳዩ የማድቤቱን ነገር በደንብ ነግሮሻል። እኔ ሒሳብ መቀበያ ላይ ሁለት ዓመት ስለተቀመጥሁ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ከተማውንም ቤቱንም አልጠራም።

በገባሁ በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ሦስት ወጣቶች አምስት በርገርና አንድ ትልቅ ፒዛ አዘው ሲወጡ አንደኛው በሞባይል አስተላልፌያለሁ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። መልእክቱ ላይ የቤቱ ስም አለ፣ የገንዘቡ መጠን ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው። አመስግኜ ሸኘኋቸው። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ብሩ አልገባም። መልእክቱ የድሮ ደረሰኝ ላይ ቁጥር ተቀይሮ የተሠራ ነበር። ባለቤቱ አንድም ቃል ክፉ ሳይናገረኝ ወሩ ሲያልቅ ከደመወዜ ግማሽ የሚበልጠውን ቆርጦ የቀረውን ሰጠኝ። ፊርማ አልፈረምሁም፣ ውል አልነበረኝም፣ ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም ነበር። ያን ወር የቤት ኪራዬን የከፈለችልኝ አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ናት።

ያኔ ያላወቅሁትን አንቺ ከመግባትሽ በፊት እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ እንዲሁ በፈቃዱ መቁረጥ እንደማይችል ይደነግጋል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሌላው «ደንበኛ እስኪያልቅ» ያለሽ ነገር ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ ከ4 ሰዓት ሌሊት በኋላ 1.75 ተባዝቶ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ ስለዚህ «ሁለት ወር» ያለሽ ከዚያ እንዳያልፍ ቀን ያዢ። ሁሉም ቤት ይህን ይፈጽማል አልልሽም፤ ነገር ግን እያወቁ መደራደርና ሳያውቁ መቀበል አንድ አይደሉም።

ስለ ሥራው አሠራር ደግሞ፣ ጠዋት የመነሻ ገንዘቡን ከሌላ ሰው ጋር ቆጥረሽ ሁለታችሁም ፈርሙ። ፈረቃ ስትቀያየሩ፣ ለሽንት እንኳ ስትነሺ፣ ሳጥኑን ሳትቆልፊ አትሂጂ። የሞባይል ክፍያ ሲሆን የደንበኛውን ስልክ ሳይሆን የቤቱን ስልክ እዪ፤ መልእክቱ ለቤቱ ካልደረሰ ምግቡ አይወጣም፤ ይህንንም ባለቤቱ በጽሑፍ እንዲለጥፍ ጠይቂ፣ ያን ጊዜ ደንበኛው የሚቆጣው በአንቺ ሳይሆን በደንቡ ነው።

አካውንቲንግ መማርሽ እዚያ ውስጥ ከምትገምቺው በላይ ይጠቅምሻል። የብዙ ቤቶች ችግር ሽያጭ ማነሱ አይደለም፤ ምን ገብቶ ምን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ጠዋት 120 የበርገር ዳቦ ገብቶ ማታ 14 ከቀረ 106 በርገር ተሽጧል ማለት ነው፤ ደረሰኙ 97 ካለ ዘጠኙ የት ገቡ? ተቃጥለው ተጥለዋል? ሠራተኛ በልቷቸዋል? ያለ ደረሰኝ ተሽጠዋል? እኔ ይህን በአንዲት ደብተር መያዝ ከጀመርሁ በኋላ ያ ደመወዜን የቆረጠው ባለቤት የሁለተኛውን ቅርንጫፍ ሒሳብ ሁሉ እኔ እንድይዝ ሰጠኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ማታ ስንት ሰዓት ወጥተሽ በምን እንደምትሄጂ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ሴት ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብቻዋን ባጃጅ ፍለጋ የምትቆምበት ሥራ ደመወዙ ስንትም ቢሆን ውድ ነው።


የመንቆረር ነጋዴ

ልጄ፣ እኔ እዚያው አንቺ ልትመጪበት ባለው ከተማ ትንሽ የምግብ ቤት አለኝ፤ ስምንት ሠራተኞች አሉኝ። ከላይ የተጻፈውን አንብቤ ከአሠሪ በኩል ያለውንም መስማት አለብሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ስለ ቆጣሪዋ ልጅ የተጻፈው ግፍ ነው፤ እሱን ለመከላከል አልመጣሁም።

ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ ምን ይሆናል ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። የበርገሩና የፒዛው ሽያጭ በጣም ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚያቆመን እርጥብ፣ የጾም ፒዛ፣ የአትክልት ሳንድዊች፣ ችፕስና ጭማቂ ነው። እርጥብ ማለት ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች ከዳጣ ጋር ተደርጎ የሚሸጠው ነው፤ ተማሪው ይወደዋል፣ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔ በጾሙ መግቢያ ሦስት ልጆችን «ለፋሲካ ተመለሱ» ብዬ ያለ ደመወዝ አሰናበትሁ። ከሦስቱ አንዷ ብቻ ተመለሰች። ለፋሲካ ሰሞን ቤቱ ሲጨናነቅ መጥበሻውን የሚያውቅ ሰው አጥቼ ደንበኛ ሲመለስ እያየሁ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን በየተራ በሁዳዴ እንዲወስድ እናደርጋለን፤ ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ይፈቅዳልና ስምንቱ ሰዎች በተራ ሲወጡ ጾሙ ማንንም ሳናሰናብት ያልፋል። አንቺም ሥራ አስኪያጁን «በጾም እንዴት ታደርጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚሰጥሽ መልስ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግርሻል።

«ደንበኛ እስኪያልቅ» የሚለውን እኔም እል ነበር። የምለው ክፋት አስቤ ሳይሆን ሁለተኛ ፈረቃ መቅጠር ፈርቼ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ነዳጅ ይበላል፣ መንገድ ሲዘጋ ቲማቲምና ጋዝ በእጥፍ ይሆናል፤ ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ያን የሚያህል የዘይት ፋብሪካ ቢመረቅም እኛ ዘይቱን የምንገዛው በገበያው ዋጋ ነው። ይህ ሁሉ ጫና አለ። ነገር ግን አሥራ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ማታ ላይ ድንች ያሳርራል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ደንበኛን ይመልሳል። ሁለት ፈረቃ ካደረግሁ ጀምሮ ያወጣሁትን ተጨማሪ ደመወዝ ከብክነቱ መቀነስ አግኝቼዋለሁ።

ተያዥ እኔም እጠይቃለሁ፤ የሚነካው ንብረትና ገንዘብ ስላለ ነው። አንቺ ማየት ያለብሽ ተያዡ የሚፈርመው ወረቀት ምን እንደሚል ነው። የገንዘብ ጣሪያው ያልተጻፈበት የዋስትና ወረቀት ላይ አክስትሽን አታስፈርሚ። የጡረታ መዋጮም አንሺ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ከደመወዙ፣ አሠሪው 11 በመቶ ከራሱ ይከፍላል፤ ይህ የሚደረግበት ቤት ከሆነ ስምሽ በሕጋዊ መንገድ ተመዝግቧል ማለት ነው። ጉርሻውም ለግለሰብ ነው ወይስ ተሰብስቦ ይካፈላል? እኔ ዘንድ ሳጥን አለ፣ ቅዳሜ ማታ በሠራተኞቹ ፊት ይቆጠርና ማድቤት ያሉትም እኩል ያገኛሉ፤ ደንበኛ ፊታቸውን ስለማያይ ብቻ የሚያበስሉት ባዶ እጃቸውን መቅረት የለባቸውም።

የጤና ምርመራ ወረቀት ያስፈልግሻል፤ ምግብ የሚነካ ሰው በየጊዜው ይመረመራል። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ጸጉርሽን ሸፍኚ። ሌላውን እዚያው ትማሪዋለሽ።


የጮቄ ልጅ

እኔ ሰዴ አካባቢ ተወልጄ አሁን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምኖር ሰው ነኝ። እዚህ እንደመጣሁ የሠራሁት ትልቅ የሃምበርገር ሰንሰለት ቤት ውስጥ ስለሆነ አንድ ነገር ላነጻጽርልሽ።

እዚህ ያለው አሠራር ሁሉ በደቂቃና በሰከንድ የተለካ ነው። ከራስሽ በላይ ስክሪን አለ፣ ትእዛዙ ይወጣል፣ ሲዘገይ ቀለሙ ይቀየራል፣ መጥበሻው ራሱ ጊዜው ሲደርስ ይጮኻል። ይህን የጀመሩት ማክዶናልድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1948 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ የነበረውን ቤታቸውን ዘግተው፣ የምግቡን ዝርዝር አሳጥረው፣ አስተናጋጅ አስቀርተው፣ ማድቤቱን እንደ ፋብሪካ አደረጉት፤ አንዱ ሥጋ ብቻ፣ አንዱ ድንች ብቻ፣ አንዱ መጠጥ ብቻ ይሠራል። ሥራው በአንድ ቀን የሚለመደውም ለዚህ ነው። እኔ ለሰባት ወር ያህል ድንች ብቻ ጠብሻለሁ፤ ድንቹም ተቆርጦ፣ ግማሽ በስሎ፣ በረዶ ሆኖ በካርቶን ይመጣ ስለነበር አንድም ድንች ልጬ አላውቅም። ከዚያ ቤት ስወጣ ምግብ መሥራት ተምሬ አልወጣሁም።

እዚያ ጎጃም ውስጥ ያለው ቤት ግን አንቺን ከማድቤት ወደ መስተንግዶ፣ ከመስተንግዶ ወደ ሒሳብ ሊያዘዋውርሽ ነው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ከድንች ግዢ እስከ ማታ ሒሳብ እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

የሰዓት ክፍያን ነገር ደግሞ የኛው ሀገር ብቻ ችግር አታድርጉት። እዚህም ሠራተኛው በሰልፍና በክርክር ነው የተሻለ ያገኘው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በትልልቅ ሰንሰለት ቤቶች ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር የሆነው ገና በ2024 ኤፕሪል ወር ነው፤ የፌዴራሉ ወለል ከ2009 ጀምሮ ያለ ለውጥ 7.25 ዶላር ነው። ስለዚህ ስለ ደመወዝና ስለ ሰዓት መጠየቅሽ ድፍረት ሆኖ እንዳይሰማሽ።

አባትሽን በተመለከተ፣ እኔም ለአባቴ ምን እንደምሠራ ሁለት ዓመት ደብቄው ኖሬያለሁ። በመጨረሻ በስልክ ስነግረው «ታዲያ ሰው ማብላት ምኑ ይደበቃል?» አለኝ። አንቺ እንደኔ አትደብቂ።


የዳሞት ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝን ስለ ጾሙ ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ ባለፈው ሁዳዴ ሁለት ልጆች እንዳሰናበቱና ዘንድሮ ገና እንዳልወሰኑ በግልጽ ነገረኝ። የዓመት ፈቃዱን በየተራ ስለመስጠት ስነግረው «ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝና ከባለቤቱ ጋር እንደሚነጋገርበት ቃል ገባ።

የሥራ ሰዓቱን ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በመካከሉ የአንድ ሰዓት ዕረፍት እንዲሆን ተስማምተናል፤ ከዚያ በላይ ከቆየሁ በትርፍ ሰዓት እንዲያዝልኝ ጠይቄ እሺ ብሏል። ውሉን በጽሑፍ እንደሚያዘጋጅ ነግሮኛል። ሳላይ አልፈርምም። ከደመወዝ ስለመቁረጥ የሚለውን አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲያስገባው ስጠይቀው ግን አልወደደውም፤ «ገና ሳትገቢ ስለ ጉድለት ታወሪያለሽ» አለኝ። እዚህ ላይ አልተግባባንም። ሰኞ ስሄድ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሒሳብ ላይ ሳልቀመጥ በማድቤት ብቻ እንድሠራ ልጠይቀው አስቤያለሁ። ቆጣሪዋ እህቴ፣ ይህ ያዋጣል ትያለሽ?

የተያዡን ወረቀት አክስቴ ራሷ አንብባው የገንዘብ ጣሪያ ስላልነበረው ሳትፈርም መልሳዋለች።

ለአባቴ አብሳዩ ወንድሜ ስለ ጾሙ ዘይት የጻፈውን አነበብሁለት። ደጋግሞ «ማንም ሳያያት ነው የደፋችው?» እያለ ጠየቀኝ።


አብሳዩ

አዎ፣ ማንም ሳያያት ነው። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዕቃሽን ስታዘጋጂም የጫማውን ነገር አደራ።